ሳጥን የታተመበት ፕላዝማ

ግድግዳው ላይ የቀሩት አራት ብሎኖች ብቻ ነበሩ። ጋሽ ገበየሁ ከብሎኖቹ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይወዛወዛሉ። በር ላይ ጎረቤት ተኮልኩሏል። አንዷ እንዲያውም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች፤ ማን እንደሞተ አላጣራችም።

ኢንስፔክተር ቀጄላ የደረሰው አርፍዶ ነው። ምክትሉ ሳጅን ሳሌም በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ዛሬስ ፀሐይ ቀደመችዎት" አለችው።

"ቀብር ገጥሞኝ ነው።"

በአሶሳ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ሲመጣ፣ በመንጌ መንገድ ላይ የሴት ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አጋጠሙት። በገመድ አልጋ ላይ ቀርከሃ እንደ ጎጆ ተቆልምሞ፣ ከላዩ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። እንዲህ ሲያጋጥም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም፤ ሟቿን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ቀጄላም ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አንዱን ተሸካሚ አሳርፎ፣ እስከ ኬላው ድረስ ተሸከመና "አላህ ይርሐማት" ብሎ ተሰናበተ። ኬላ ጠባቂው ፖሊስም ኮፍያውን አውልቆ አሳለፋቸው።

ሳሌም ከጃኬቱ ትከሻ ላይ አንዲት ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ በጣቷ አንስታ እፍ አለቻት። "ፍራሽዎ አልለቅም ብሎ ተከትሎዎት መጣ እንዴ?"

"ነገረኛ!" አላት እየሳቀ፤ ገቡ።

"አበስኩ ገበርኩ!" አሉ ጋሽ ገበየሁ ሲያዩት። "ኢንስፔክተር፣ ዓይኔን ነው የነቀሉኝ! ዓይኔን!"

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ገበየሁ በሰፈራው ጊዜ በጉርምስናቸው ከወሎ መጥተው፣ አርሰው፣ እህል ነግደው፣ በስተርጅና የኳስ ማሳያ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ቤቱን ሲከፍቱ ክልሉ ራሱ ገና ልጅ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶቹ ቀለም እየተቀቡ፣ መንገዱ እየተቆፈረ። ፕላዝማ የሚባለውን ነገር የአሶሳ ሰው የሚያውቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ የሚያስተምረውን፣ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ ደህና ሁኑ ብሎ የሚሄደውን። ጋሽ ገበየሁ የተመኙት ግን ሌላ ነበር። መርካቶ ድረስ ሄደው ዋጋ ጠይቀው፣ ሻጩ ሲነግራቸው የስልክ ቁጥር የሚነግራቸው መስሏቸው ነበር። ፈልገው ፈልገው ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ እዚሁ አሶሳ ገበያ፣ በሱዳን ድንበር በኩርሙክ የሚገባ ዕቃ ከምትሸጠው ከኢቲዳል ዘንድ ግድግዳ የሚያህለውን ፕላዝማ በግማሽ ዋጋ አገኙት።

የረከሰበት ምክንያት ሲከፈት ታየ። ከስክሪኑ መሃል ደብዘዝ ያለ፣ ሳጥን የሚመስል ምልክት ታትሞበታል። አረንጓዴ ሜዳ ሲመጣ ጎልቶ ይታያል፤ ተጫዋቾቹ በላዩ ላይ ሲሮጡ ተመልካቹ ይስቃል። ጋሽ ገበየሁ ምን ገዷቸው!

የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ያንን ቤት ያየ ሰው አይረሳውም። የሣሩ ዘለላ ይቆጠራል። የተጫዋቹ ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ሲወርድ ይታያል። ኳሷ ወደ ካሜራው ስትመጣ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሽማግሌ ጎንበስ አሉላት። ጎል ሲገባ የጮኸ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ቀጄላም እዚያ ነበረ፤ ሲወጣ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ የሰው ልጅ እዚህ ደረሰ ወይ ብሎ ለብቻው ተናገረ። ከዚያ ወዲያ አሶሳ ፕላዝማውን ባየና ባላየ ለሁለት ተከፈለ።

አሁን ያ ሁሉ አራት ብሎን ሆኗል።

"ቁልፍ ያለው ማነው?" አለ ቀጄላ።

"እኔና ዘበኛው ሞቱማ። ሌላ የለም።"

"የሚያበራው፣ የሚያጠፋውስ?"

"ዐወድ የሚባል ልጅ ነው። እሱ ለዐረፋ በዓል ወደ አገሬ ልሂድ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር፣ ስማኝ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎበት ነበር! አንዱ ለሠርጌ አውሰኝ፣ አንዱ ለልጄ ምርቃት፣ አንዱ ለእናቴ። ፕላዝማ መንደር አይወርድም አልኳቸው! ለገዛ ልጄም ሠርግ አላወርደው! ይኸው ወረደልህ።"

ቀጄላ ቤቱን ዞረ። ቁልፉ አልተሰበረም። የብሎኖቹ ዳዶ በትዕግሥት፣ በመፍቻ ነው የተፈታው። ዲቪዲው አለ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ አሉ፣ አሮጌው ቴሌቪዥንም ጥግ ላይ ተቀምጧል። የጠፉት ፕላዝማውና ሪሲቨሩ ናቸው። ደግሞም የዘበኛው ፍራሽ፤ ሞቱማ በሚተኛበት ጥግ የቀረው የቢጫ ስፖንጅ ፍርፋሪ ብቻ ነው።

"ሌባ ፍራሽ ምን ይሠራለታል?" አለች ሳሌም።

"መስታወቱ እንዳይሰበርበት። ለዕቃው የሚሳሳ ሌባ ነው።"

*

ሞቱማ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ቁመቱ በር የሚያክል፣ የወለጋ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር የሚመራ ድምፀ መልካም ሰው ነው። ዛሬ ድምፁ የለም።

"በሩን ማን ከፈተው?"

ዝም።

"ፍራሽህስ የት ሄደ?"

አሁንም ዝም። ቀጄላ ባምባሲ ያደገ ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ እምቢ ያለውን በኦሮምኛ ሞከረው። በዚህ ጊዜ ሞቱማ ቀና አለ።

"ማሎ፣ ኢንስፔክተር" አለ። ማሎ በእነሱ ቋንቋ እባክህ ማለት ነው። "ነገ ማታ ጠይቀኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉንም እነግርሃለሁ።"

"ነገ ማታ ዕቃው ሱዳን ገብቶ ይሸጣል! ታሾፍብኛለህ?"

"አላሾፍም።"

"እንግዲያው ስማ። ነገ ሥራ ሲያበቃ ፋይልህ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ነፃ ብትወጣ እንኳ አሶሳ ውስጥ ዳግመኛ በሩን በአደራ የሚሰጥህ አይኖርም። ዘበኛ ስሙ ከጠፋ ምን ይቀረዋል?"

"ምንም አይቀረውም" አለ ሞቱማ። አውቆታል። ግን ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣውም።

ቀጄላ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ብዙ ሌባ አይቷል፤ የሚምል፣ የሚያለቅስ፣ ታመምኩ የሚል። ቀጠሮ የሚሰጥ ሌባ ግን አይቶ አያውቅም። ይህ ሰው ሌባ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ አለ በልቡ፤ ግን ልብ ማስረጃ አይሆንም።

"ሌላ ሰው እንፈልግ" አለ። "እስከ ነገ ጊዜ አለን።"

*

ቀላሉ ተጠርጣሪ ለሜሳ ነበር። ከጋሽ ገበየሁ ማዶ እሱም ኳስ ያሳያል፤ በደህና ጊዜ የተገዛች ቴሌቪዥን አለችው። ፕላዝማው ከመጣ ወዲህ ወንበሮቹ ላይ የሚቀመጠው ዝንብ ነው።

ጓሮውን ሲፈትሹ ሳሌም በምልክት ጠራችው። ከቆርቆሮ መጠለያው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሰፊ፣ ስስ፣ አራት ማዕዘን ነገር ቆሟል። ቀጄላ ወደ ለሜሳ ዞረ።

"ግለጠው" አለ።

ለሜሳ ፊቱ ቀላ። "እዚህ ሰው ፊት?"

"ግለጠው አልኩህ!"

ገለጠው። በእንጨት የተወጠረ ነጭ አንሶላ ነው።

"ፕሮጀክተር ልከራይ ነበር" አለ ለሜሳ አንገቱን ደፍቶ። "ከፕላዝማ የሚበልጥ ስክሪን ልሠራ። ሚስቴ የሙሽርነታችንን አንሶላ ነው የሰጠችኝ።"

ሳሌም ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ጋሽ ገበየሁን ትጠላቸው ነበር?" አለ ቀጄላ ሳቁን ውጦ።

"እጠላቸው ነበር። ግን ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርህ? ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ፣ ኋላ ወንበር ተቀምጬ እኔም አይቻለሁ። እንዴት ያምራል! እኔ ያንን ልሰብረው? ደግሞ እኔ ብሰርቅ ዲቪዲውን ትቼ እሄዳለሁ? ያለ ዲቪዲ ፊልም ቤት አይሠራም።"

ይህቺ አባባል ቀጄላ ጭንቅላት ውስጥ ተቀመጠች። ሌባው ፊልም አልፈለገም። ሪሲቨር የወሰደው፣ በዲሽ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር ማየት ቢፈልግ ነው። ሊሸጥ የሚሰርቅ ሰው ደግሞ እንዲህ አይመርጥም፤ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ኬላዎቹን ሁሉ ዞሩ። በኩርሙክ መንገድም፣ በባምባሲም፣ በመንጌም ሳይፈተሽ ያለፈ መኪና የለም። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ያ ግዙፍ ነገር አይገባም። ፕላዝማው ከከተማው ሳይወጣ ጠፍቷል፤ ከተማው ውስጥም የለም። ጋሽ ገበየሁ ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብለው፣ ሞቱማን ገርፋችሁ አናግሩት እያሉ እስኪመሽ አልተነሡም።

*

በማግሥቱ ጠዋት ቀጄላ ገበያ ወረደ። አንድ ጥርጣሬ ከንክኖት ነበር፤ ግማሽ ዋጋ የሆነ ዕቃ ሁሉ ጤና የለውም። ምናልባት ፕላዝማው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወጥቶ ይሆናል፤ ባለቤቱ ነው መልሶ የወሰደው።

ኢቲዳል ሱቋ ውስጥ በሽቶና በሳህን መሃል ተቀምጣለች። የበርታ ሴት ናት፤ ገበያውን በዓይኗ ጥቅሻ የምታዝ፤ አማርኛዋ ግን ወንዱን ከሴት አይለይም።

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ስርቆት አትበል!" አለች ገና ሳይጨርስ። "ቀረጥ ተከፍላለች፣ ወረቀቱ ይኸው። የትምህርት ቤት ፕላዝማ ትንሽ ነው፣ ብረት ቤት ውስጥ ይገባል። የኔ ከኻርቱም መጣች። ትልቅ ሆቴል። ሆቴሉ ተሸጠች፣ ዕቃው ረኺስ ሆነ፣ እኔ ገዛ።"

"እንዴት አመጣሽው?"

"በፍራሽ! ቆሞ። ይሄ ነገር ተኝቶ ከሄደ ይሞታል። መኪና ካንቀጫቀጨችው ይሞታል። ለሦስቱም ተናገርኩ፤ ለገበየሁ፣ ለዘበኛው፣ ለዐወድ። ከኩርሙክ ወዲህ መንገዱ ሲበላሽ በሰው ትከሻ ነው የመጣው። ከሰው ትከሻ የበለጠ ለስላሳ መኪና የለም አልኳቸው።"

"ያ መሃሉ ላይ ያለው ሳጥንስ? ምንድነው ብልሽቱ?"

ኢቲዳል አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሳቀች። "ወላሂ፣ አንተም አላወቅሽም? ብልሽት አይደለም። ሆቴሉ ሳሎን ውስጥ ሌላ ነገር አያሳይም። ሌሊት መካ፣ ቀን መካ። ካሜራው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ካዕባን ብቻ ያያል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ ስክሪኑ ሐፈዘች።"

ሐፈዘ ማለት፣ ሕፃናት ቁርኣንን አንድ ፊደል ሳይስቱ በልባቸው ሲይዙ የሚባል ነው። ቀጄላ ፕሮቴስታንት ነው፤ ካዕባን የሚያውቀው በጎረቤቶቹ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል ነው። ግን መስታወት አንድን ነገር ከማየት ብዛት በልቡ ሊይዝ እንደሚችል ያሰበው ነገር አልነበረም። እኛ በላዩ ኳስ እያየን ስንስቅ!

"ይህን ለማን ነገርሽ?"

"ማን ይጠይቃል? ሰው ዋጋ ነው የሚጠይቀው። ዐወድ ብቻ ጠየቀ። ነገርኩት፣ እዚህ ቆማ አለቀሰች።"

ቀጄላ ወረቀቱን መለሰላት። "ኢቲዳል፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ዐረፋ ነው እንጂ! ጾም ላይ ነኝ፣ አታይም? ዛሬ ሐጅ የሄደ ሰው ሁሉ ተራራው ላይ ይቆማል። ፀሐይ እስክትጠልቅ።"

ፀሐይ እስክትጠልቅ። የሞቱማ ቀጠሮ!

*

አሁን ማን እንደወሰደው ያውቃል፤ እንዴት እንደወጣ ግን አያውቅም። ሳሌምን ይዞ በገበያው አቅራቢያ ወዳለው መስጊድ ሄደ። ሙአዚኑ ነጭ ፂም ያላቸው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ዐወድ? አዎ፣ ትናንት የንጋቱን ሶላት እዚሁ ሰገደ" አሉ። "ከመንደሩ የመጡ ዘመዶቹም ነበሩ። እናቱን ሐኪም ቤት አምጥተው ነበር።"

"ከዚያ ወደ ቀብሩ ሄዱ?"

"የምን ቀብር?"

"ትናንት ጠዋት የወጣው። የሴት ቃሬዛ ነበር፤ በመንጌ በኩል።"

"ልጄ" አሉ ሙአዚኑ በትዕግሥት፣ "በዚህ ሰፈር ሰው ቢሞት ጥሪው የሚነገረው በኔ አፍ ነው። ትናንት የሞተ የለም።"

የቀጄላ እጅ ሳያዘው ወደ ገዛ ትከሻው ሄደ።

ሳሌምም አየችው። መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቀጥሎ የመስጊዱን አጥር ያዘች። "ስፖንጁ! ስፖንጁን ያነሣሁልዎት እኮ ወደ ቤቱ ሳይገቡ ነው! ያኔ የሞቱማ ፍራሽ ወደነበረበት ጥግ ገና አልደረሱም።"

"አውቃለሁ፣ አትጨርሺው።"

"በራስዎ ትከሻ! በራስዎ ኬላ!"

"ሳጅን!"

"ለፕላዝማ አላህ ይርሐማት ብለው!" አለችና አጥሩን ይዛ ቁጭ አለች።

ቀጄላ መቆጣት አልቻለም። ያ ቃሬዛ በትከሻው ላይ ሳለ ተሸካሚዎቹ እንዴት በቀስታ፣ እንዴት እግራቸውን እየመረጡ ይራመዱ እንደነበር አስታወሰ። የሚወዷት ሴት ብትሆን ነው ብሎ አዝኖላቸው ነበር።

*

ጋሽ ገበየሁ ንብረታቸውን ለይተው እንዲያረጋግጡ በፖሊስ መኪና አብረው ተሳፈሩ። መንገዱን በሙሉ ያጉረመርማሉ።

"ዐወድን በዚህ እጄ ነው የማንቀው! ልጄ ብዬ አሳድጌ፣ ሥራ አስተምሬ! ወላሂ እገድለዋለሁ!" ወሎዬ ሲናደድ፣ ማተብ ቢያስርም፣ ወላሂ ማለቱ አይቀርም።

ከመንጌ መንገድ ገባ ብላ ያለችው የዐወድ መንደር ደርሰው ሲወርዱ ግን ጋሽ ገበየሁም ዝም አሉ። መንደሩ ጭር ብሏል። ከአንድ ሰፊ የቀርከሃ ጎጆ ጀርባ ጄኔሬተር ያጉረመርማል። ከመስጊዱ ዲሽ የመጣ ሽቦ በቀርከሃ ላይ ተዘርግቶ ወደ ጎጆው ይገባል። በሩ ላይ የመንደሩ ሰው ጫማ ሁሉ ተከምሯል። ከውስጥ የሚሰማ የሰው ድምፅ የለም።

ቀጄላ ጎንበስ ብሎ ገባ። ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ያየው ብርሃን ብቻ ነበር።

ፕላዝማው በገመድ አልጋው ላይ፣ የሞቱማን ቢጫ ፍራሽ ተደግፎ ቆሟል። በውስጡ አንድ ተራራ አለ፤ ተራራው ነጭ ነው፤ ነጩ ሰው ነው። ዓይን እስኪታክት ድረስ ሰው። የእያንዳንዱ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ የአንዱ ሽማግሌ እንባ ፂሙ ላይ ሲያበራ ይታያል። በጎጆው ውስጥ የተቀመጠው የመንደር ሰው እንኳን ሊናገር፣ የሚተነፍስ አይመስልም። ቀጄላ የገባበትን ጉዳይ ረሳው። ልጅ ሳለ፣ የዓባይን ሸለቆ መጀመሪያ ከአፋፉ ላይ ያየ ዕለት እንዲህ ሆኖ ነበር።

ከፊት፣ ለስክሪኑ በጣም ቀርበው፣ ምንጣፍ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እጃቸው በአየር ላይ፣ ብርሃኑን የሚዳስስ ይመስላል።

ከጎናቸው የነበረ ወጣት ዞሮ ፖሊሶቹን አየ። ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ለካቴና አጋጥሞ፣ ወደ በሩ መጣ። ወደ ውጭ ወጡ።

"ዐወድ ነኝ" አለ በሹክሹክታ። "ዛሬ ማታ ልመልሰው ነበር። በአላህ፣ እስኪጨርስ ጠብቁኝ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

"ሞቱማ በአንተ ምክንያት ታስሯል" አለ ቀጄላ።

ዐወድ እጁ ወደቀ። "ሞቱማ? አልታሰርም ብሎኝ ነበር! በሩን ረስቼ ከፍቼው ሄድኩ እላቸዋለሁ፣ ምንም አያደርጉኝም አለኝ። አልተናገረም?"

"ዛሬ ማታ ጠይቁኝ ብሎ ዝም አለ።"

ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ አፈሰሰው። እናቱ ዓዲላ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት አንድ ነገር ሐጅ ነው። አንድ ጊዜ ሊሄዱ ሲሉ ባላቸው ሞቱ፤ ሌላ ጊዜ እግራቸው ከዳቸው፤ አሁን ዓይናቸውም ሊሄድ ነው። ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው ወደ ቤት መልሷቸው፣ የምግብ አምሮታቸውን ስጧቸው ተባለ። ለከርሞ ዐረፋ አይደርሱም።

"በትንሿ ቴሌቪዥን አሳየኋት" አለ። "ጉንዳን ነው ያየሁት አለችኝ። ከዚያ ኢቲዳል የሳጥኑን ነገር ስትነግረኝ፣ ይህ ዕቃ እሷን ፍለጋ የመጣ መሰለኝ። ጋሽ ገበየሁን ለመንኳቸው። ለእናቴ፣ ለአንድ ቀን አልኩ።"

ጋሽ ገበየሁ መሬት መሬት አዩ።

"የሐሰት ቀብር ሠርታችሁ ታወጣላችሁ?" አለ ቀጄላ።

"ሬሳ ነው ያልነው ሰው የለም! ሳይተኛ፣ በትከሻ ውሰዱት ተባለ፤ ወሰድነው። ጨርቁ መስታወቱን እንዳይነካው ቀርከሃ አጎበጥንለት፣ ከአቧራ ሸፈንነው። ሰዉ ራሱ እየመጣ ተሸከመልን። ምን እንበል? አንተ ስትመጣማ እኔ ራሴ ልሞት ነበር።"

ሳሌም ስትስቅ ቀጄላ ገላመጣት። ከጎጆው ውስጥ ድምፅ ተሰማ፤ ተመልሰው ገቡ።

ተራራው ጠፍቶ መካ መጥቷል። በነጩ እብነ በረድ መሃል፣ ጥቁር ልብሷን የለበሰችው ካዕባ በስክሪኑ ላይ ወጣች። ካሜራው ቀስ እያለ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ቆመ። በዚያን ጊዜ ጋሽ ገበየሁ የቀጄላን ክንድ ጨመቁት። ሁለቱም አዩት። ለሳምንታት የኳስ ሜዳ ሲያበላሽ የከረመው ሳጥን ከምስሉ ጋር ልክ ለልክ ገጠመ፤ ገጠመና ጠፋ። ምልክቱ የት እንደነበር እንኳ መለየት አልተቻለም።

ዓዲላ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉ። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ ፈለገ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ለበይክ" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ለበይክ፣ አላሁመ ለበይክ።"

ይህ ከቤቱ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ መካ የደረሰ ሰው ለፈጣሪው የሚለው ነው፤ ጌታዬ ይኸው መጣሁ ማለት ነው። ጎጆው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ አለ። ቀጄላ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ እንደያዘ ያወቀው በኋላ ነው።

ዐወድ ወደ እናቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ በበርትኛ የሆነ ነገር ነገራቸው። አሮጊቷ ዞር ብለው እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ።

"ገበየሁ መጣች?" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "የታለ?"

ጋሽ ገበየሁ ጫማቸውን በሩ ላይ ትተው፣ በሰው መሃል አልፈው፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። አሮጊቷ እጃቸውን ይዘው ሳሙት።

"ልጄ ነገረኝ። ገበየሁ አዋሰ፣ ለእናትህ ውሰዳት አለ። እኔ አልጋዬን ለሱ ሰጠሁ፣ በአህያ መጣሁ፤ እንዳይሰበር። አንተ ክርስቲያን ነሽ፤ ግን መካ አደረስከኝ። አላህ ጀነት ያድርስህ።"

ዐወድ ዓይኑን ጨፈነ። ውሸቱ ሲገለጥ ላለማየት ነው። ጋሽ ገበየሁ የያዙት እጅ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ትኩሳት ያለበት እጅ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

"አዎ እማማ" አሉ። "እኔ ነኝ ያዋስኩዎት። ልጅዎ እውነቱን ነው።" ከዚያ ወደ ዐወድ ዞረው ተቆጡ። "ምን ታየኛለህ? ድምፁን ጨምርላቸው እንጂ!"

ቀጄላ ወደ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ። ሳሌም ተከትላው መጣች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋሽ ገበየሁ ጫማቸውን እያሰሩ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ጋሽ ገበየሁ" አለ ቀጄላ፣ "ሥራዬ ነውና ልጠይቅዎት። ያ ዕቃ የተሰረቀብዎት ንብረት ነው?"

"ያዋስኩት ነው" አሉ። "ሽማግሌ ነኝ፣ ረስቼው ነው። በዓሉ እስኪያልፍ እዚሁ ይቆይ። ኳሱ የትም አይሄድ።"

*

ጣቢያው ሲደርሱ ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ገና ቀይ ነበር። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ጋሽ ገበየሁ ሞቱማን ይዘው ወደ ቤት ሊሄዱ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ቀጄላ የክፍሉን በር ከፈተ። ሞቱማ ቀድሞ ተነሥቶ፣ የሸሚዙን አንገት አስተካክሎ ቆሟል።

"መሸ" አለ ሞቱማ። "ቃሌን እጠብቃለሁ። አሁን ጠይቀኝ።"

"የምጠይቅህ ነገር የለኝም።"

ሞቱማ ገባው። መጠየቁን የፈራ ይመስላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በገዛ ቋንቋቸው፣

"አየች?" አለ።

"አየች" አለው ቀጄላ።

ሞቱማ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ቀስ እያለ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቀጄላም በሩን ክፍት እንደተወው ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።